የወቅቱ ድርሻና የልጁ ድርሻ

አበው ዓመቱን በአራት ከፍለው ሰይመውታል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ወይም ሐጋይ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃሉ። ይህን አከፋፈል ትኩር ብሎ ለተመለከተ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይታየዋል። አዲሱ ዓመት የሚብተው ክረምቱ ገና 25 ቀን ሲቀረው ነው። ሰማዩ ፈጽሞ ሳይጠራ፣ ወንዙ ሳይጎድል፣ ጭቃው ከእግር ሳይለቅ ልጃገረዶች አደይ አበባ ታቅፈው ከደጅ ደጅ ይዘምራሉ። ዜማው ከወቅቱ ቀድሞ ይደርሳል ማለት ነው። ሆን ተብሎ የተደረገ ይሁን በልማድ የመጣ፣ በዚህ ውስጥ አንድ ጥበብ ተቀምጧል፤ ወቅት በአንድ ሌሊት አይገባም፣ ሰውም በአንድ ሌሊት ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው አይሻገርም።

ይህ መሸጋገሪያ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለልጅ ነው። ዐዋቂ ሰው ብዙ ክረምት አሳልፏልና ጭቃው እንደሚደርቅ፣ ብርዱም እንደሚያልፍ ያውቃል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ካሳለፋቸው ክረምቶች የሚያስታውሳቸው ቢበዛ ሦስቱን ወይም አራቱን ነው። ለእርሱ ትናንት የነበረው ነገም የሚኖረው ነው። እስከ ረፋድ መተኛት፣ ምድጃ ዙሪያ መዋል፣ በቆሎ እየጠበሱ ማምሸት የዘለዓለም ሥርዓት መስሎት ከርሞ፣ አንድ ማለዳ ብርድ ልብሱ ተገፎ «ተነሥ፣ ትምህርት ቤት ተከፍቷል» ሲባል የሚሰማው የመከዳት ስሜት ነው። ወላጅ ደግሞ ለቅሶውን ስንፍና ይለዋል። በዚህ አለመግባባት ሳቢያ ስንቱ ቤት መስከረምን በጩኸት ይቀበላል! ነገሩ በጩኸት ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ቀላል ነበር። ነገር ግን ልጅ በወቅቶች መለወጫ ላይ ከመንገዱ ወጥቶ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜም አለ።

ይፋት ውስጥ፣ ከደጋው ተረተር በታች በሚገኝ የማሽላ አገር ተወልደው ሦስት ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት ይህን በገዛ ቤታቸው አይተውታል። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያዩ አሮጊት ናቸው። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጅ አዝለው፣ በኩራዝ ብርሃን ነው። የመማርን ዋጋ ዘግይተው ያወቁ በመሆናቸው፣ የበኵር ልጃቸው ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ከልጁ ይልቅ የተደሰቱት እሳቸው ነበሩ።

በዚያ አገር ማሽላው ፍሬ ቋጥሮ መብሰል በሚጀምርበት በጥቅምትና በኅዳር፣ በእርሻው መካከል ረጃጅም እንጨቶች ተተክለው፣ በላያቸው ርብራብ ተሠርቶ ማማ ይቆማል። ልጅ ማማው ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን እያጮኸና ድምፁን እያሰማ ወፍ ይጠብቃል። ግሪሳ የሚባለው ወፍ በመንጋ ሲወርድ የአንድን ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በጥቂት ቀን ሊያራቁት ይችላል። ከገደሉ የሚወጣው ዝንጀሮም አለ። ክረምቱን ሙሉ ጎተራው እየጎደለ ሄዶ፣ ሐምሌንና ነሐሴን በስፍር የዘለቀ ቤት የኅዳሩን ማሽላ ለወፍ አሳልፎ አይሰጥም። የቤቱ ሁሉ እንጀራ በአንድ ልጅ ወንጭፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይከርማል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የበኵር ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል በነበረበት ዓመት፣ በጥቅምት መጨረሻ አንድ ምሽት፣ አባትየው «ከነገ ጀምሮ ማማ ትወጣለህ» አሉት። ልጁም «እሺ አባዬ» ብሎ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከጣሪያው ማገር ሥር ሻጠው። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁለት ሳምንት ነበር የተባለው። ሁለት ሳምንቱ አልፎ አጨዳ መጣ፤ አጨዳው ሳያልቅ ውቂያው ደረሰ፤ ውቂያው ሲያበቃ ገና ሆነ። ልጁ ከጥምቀት በኋላ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ጓደኞቹ ማካፈልን ጨርሰው ወደ ክፍልፋይ ተሻግረዋል። ከኋላ ወንበር ተሰጠው። ጥቂት ቀናት ሰሌዳውን እንደ ባዕድ አገር ሲመለከት ሰነበተና፣ አንድ ማለዳ ከመንገድ ተመልሶ ከብቶቹን ይዞ ወደ ሜዳ ወረደ። የጠየቀው አልነበረም፤ የቆጣውም አልነበረም። ለሥራ የሚያስፈልግ እጅ ተመልሶ መጣ ተብሎ ዝም ተባለ።

ያ ልጅ ዛሬ እርሻውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የተከበረ ገበሬ ነው። የማዳበሪያውን ወረቀት ግን ጎረቤት ያነብለታል። እናቱ ይህን ሲያስታውሱ ባላቸውንም ሆነ መምህሩን አይወቅሱም። «ወፉ ቸኮለ፤ እኛም አብረነው ቸኮልን» ይላሉ።

ሁለተኛዋ ልጅ ለማማ የደረሰች ጊዜ እናትየው ነገሩን በሌላ መንገድ ጀመሩት። አስቀድመው ራሳቸው ማማው ላይ ወጡ። ሦስት ቀን ከንጋት እስከ ምሽት ተቀምጠው የወፉን ሰዓት አጠኑ። ወፍ እህል ላይ የሚወርደው ማለዳ፣ ፀሐይ ሞቅ እስክትል ድረስ፣ እንደገናም ወደ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ጥላ ፈልጎ ያርፋል። ይህን የማያውቅ ገበሬ በአገሩ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ይህን ዕውቀት ከልጅ የትምህርት ሰዓት ጎን አስቀምጦ ያስተያየው ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በሁለት ፈረቃ ያስተምር ስለነበር ልጅቷን ወደ ከሰዓት በኋላው አዛወሯት። ማለዳ ማማ ላይ ትውላለች፤ ረፋድ ላይ ወርዳ እህል ቀምሳ፣ እግሯን ታጥባ ወደ ትምህርቷ ትሄዳለች። የማታውን ጥበቃ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ተነጋግረው በተራ አደረጉት። ለዝንጀሮው አንድ ሽማግሌና አንድ ውሻ በቂ ሆነው ተገኙ።

አጀማመሩም በአንድ ምሽት ትእዛዝ አልነበረም። ልጅቷ መስከረም ላይ ወንጭፏን ከቃጫ ጎንጉና ራሷ ሠራች። ጥቅምት ሲገባ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ከእናቷ ጋር ወጣች። ማሽላው መቅላት ሲጀምር ቀኑ ምን እንደሚመስል አስቀድማ ታውቅ ስለነበር አዲስ የሆነባት ነገር አልነበረም። መኝታዋም አብሮ ተለወጠ፤ በንጋት መነሣት ያለባት ልጅ ማታ ተረት እየሰማች አታመሽምና፣ ተረቱ ወደ እራት በፊት ተዛወረ። ከክረምቱ መውጫ እስከ ኅዳር በቆላው የወባ ጊዜ ስለሆነም፣ በሌላው ወቅት እስኪጨልም ደጅ የሚጫወቱት ልጆች በዚህ ወቅት ምሽት ላይ ወደ ቤት እንዲሰበሰቡ ተደረገ።

እናትየው ከዚህ ሁሉ ያወጡት ትምህርት አጭር ነው። «ወቅት ቀኑን ሙሉ አይፈልግም፤ የራሱን ሰዓት ነው የሚፈልገው። ሰዓቱን ስጡት፤ የቀረው የልጁ ነው።»

በዚህ አባባል ውስጥ ከወላጅ የሚጠበቁ ሁለት ሥራዎች ተጠቅልለዋል። አንደኛው ወቅቱ በእርግጥ የሚወስደው የትኛውን ሰዓት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ለውጡ ከመድረሱ በፊት ልጁን በጥቂት በጥቂቱ ማድረስ ነው። የመጀመሪያው ማስተዋልን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ትዕግሥትን። ሁለተኛውን በተመለከተ ግን ወላጅ ብቻውን አይደለም፤ የአገሩ ባህል አስቀድሞ ግማሹን ሠርቶለታል።

ከነሐሴ መባቻ ጀምሮ የወንዶቹን ልጆች ሁኔታ ይመልከቷል። ሐምሌን በቤት ታፍነው የከረሙ ልጆች በየሜዳው ጅራፍ መግመድ ይጀምራሉ። ጅራፍ በቤት ውስጥ አይጮኽም፤ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ልጁ ሳይታወቀው ከምድጃው ተነሥቶ ወደ አየሩ ይወጣል። በነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ ችቦ ይበራል፤ ልጆቹም በቡድን ሆነው ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ፤ የዜማቸውንም ዋጋ ሙልሙል ይቀበላሉ። ከቡሄ በኋላ ክረምት የለም የሚለው ብሂል የሚያመለክተው ዝናቡ ማቆሙን ሳይሆን የክረምቱ ጉልበት መስበሩን ነው። ቀጥሎ ጳጉሜን ትመጣለች፤ ልጆች በዝናቡ ይታጠባሉ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጃገረዶቹ አደይና ቄጠማ ሲለቅሙ ይውሉና በማግሥቱ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ። ወንዶቹ አበባና መልአክ በቀለም ሥለው ለጎረቤት ያበረክታሉ።

እንግዲህ ይህን ቅደም ተከተል እንደ ትምህርት መርሐ ግብር ቢያነቡት ምን ይገኝበታል? ነሐሴ ልጁን ከቤት አወጣው። ቡሄ ከእኩዮቹ ጋር አስማማው። ጳጉሜን አጠበው። እንቁጣጣሽ ልጅቷን በገዛ ፈቃዷ በማለዳ አስነሣት፤ ወንዱን ልጅ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ የተወውን እርሳስ መልሶ አስያዘው። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል እግሩም፣ ዐይኑም፣ እጁም አስቀድመው ወደዚያው አቅጣጫ ዞረዋል። ይህን ሥርዓት ማንም ባለሙያ በጠረጴዛ ላይ አልነደፈውም፤ ይሁን እንጂ የተነደፈ ያህል ይሠራል።

ያቺ በማማና በፈረቃ የተማረች ልጅ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የአሥርና የሰባት ዓመት ልጆች አሏት። እናቷ በአንድ ነሐሴ ሊጠይቋት በመጡ ጊዜ የቤቱን ክረምት አዩት። ልጆቹ እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥንና ስልክ ላይ ያፈጥጣሉ፤ እስከ 4 ሰዓት ይተኛሉ፤ ሲነሡ ሰማዩ ደመና አዝሏል፤ ቁርስ በልተው ሲያበቁ ዝናቡ ይጀምራል። በከተማዋ በሐምሌና በነሐሴ በእያንዳንዱ ወር በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛውም የሚጥለው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ተኝተው የሚያሳልፉት ጧት ወቅቱ ለእነርሱ የተወላቸው ሰዓት ነበር።

«ተያቸው እማዬ» አለች ልጅቱ፤ «መስከረም ሲመጣ ይስተካከላሉ።»

«መስከረም ሲመጣ አይስተካከሉም፣ ልጄ» አሉ እናትየው፤ «መስከረም ነው የሚደርስባቸው። አንቺ በወንጭፍሽ ስንት ጊዜ ሠርተሽ ፈትተሽ ነበር ማማ የወጣሽው?»

ነርሷ ነገሩን በሙያዋ ታውቀው ነበር። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራል። እንቅልፍን የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ የሚመነጨው ሲጨልም ሲሆን፣ ዐይን ደማቅ ብርሃን ባየ ቁጥር መመንጨቱ ይዘገያል። የማለዳ ብርሃን ደግሞ የሰውነትን ውስጣዊ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋዋል። ልጅን «ዛሬ በጊዜ ተኛ» ብሎ ማዘዝ ብዙ ጊዜ የማይሠራውም ለዚህ ነው፤ እንቅልፍ ትእዛዝ አይሰማም፣ ብርሃንና ጨለማን ግን ይሰማል። ይህን ሁሉ ለታካሚ እናቶች ስታስረዳ ውላ፣ በገዛ ቤቷ ግን በሥራ ደክማ ስትገባ ስልኩን ነጥቆ ከልጅ ጋር የመጣላት ዐቅም አልነበራትም። ይህም የብዙ እናት እውነት ነው።

በዚያ ዓመት በቤቱ የተደረገው ነገር ቀላል ነበር። የመጨረሻዎቹ የነሐሴ ቀናት ለጧቱ ተሰጡ፤ አያቲቱ ዝናቡ ሳይመጣ ልጆቹን ይዘው ወደ ገበያ፣ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ወደ ሰፈሩ ሜዳ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ጳጉሜን በገባች ጊዜ፣ በአምስቱ ቀናት ውስጥ፣ እራቱም መኝታውም መነሻውም በየቀኑ በሩብ ሰዓት ወደ ፊት ተሳበ። አምስት ጊዜ ሩብ ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆናል። ከሁሉ አስቀድሞ የተለወጠው እራቱ ነበር፤ በጊዜ የበላ ልጅ በጊዜ ይደክመዋልና። ጧት ሲሆን ማንም አይጮኽም፤ መጋረጃው ይገለጣል፣ ቡናው ይቆላል፣ ቤቱ ራሱ ይቀሰቅሳቸዋል። ትንሿ ልጅ በስድስተኛው ቀን፣ በመስከረም 1 ማለዳ፣ ከአያቷ ቀድማ ተነሥታ ነጠላዋን ፈለገች።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ የልጆችን ቀን የሚለውጠው ዝናቡና ብርዱ ነው። ብርዱም ሁለት ዓይነት ነው። የክረምቱ ብርድ የቀን ብርድ ነው፤ ደመናው ፀሐይን ሸፍኖ ልጁን ከጧት እስከ ማታ ያቀዘቅዘዋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ግን የሌሊትና የማለዳ ብርድ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ በመሆኑ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ትበትነዋለች። በዚህ ወቅት ልጁ ማለዳ እየተንቀጠቀጠ ወጥቶ እኩለ ቀን ላይ ያልበዋል። ሹራቡን አውልቆ የሚጥለውና በየትምህርት ቤቱ የባለቤት ያለህ የሚባል የሹራብ ክምር የሚታየውም በእነዚህ ወራት ነው። ልጁን ከመቆጣት ይልቅ ቀለል ያሉ ልብሶችን ደራርቦ ማልበስ፣ የሚያወልቀውንም የሚያስቀምጥበት ቦርሳ ማስለመድ ይሻላል። በኅዳር 12 ቀን ከተማው ቆሻሻውን ጠርጎ የሚያቃጥልበት «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድም በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ መታሰቢያ ነው። ወቅት ሲለወጥ ለጤና መጠንቀቅ እንደሚገባ የሚያሳስብ ቀን በቀን መቁጠሪያው ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሦስተኛው ልጅ ስቶክሆልም ይኖራል። አያቲቱ ስድስት ዓመት የሞላውን የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ወደዚያ የሄዱት በአንድ ነሐሴ ነበር። በስዊድን የበልግ መንፈቀ ትምህርት የሚጀምረው በነሐሴ አጋማሽ፣ በቡሄ ሰሞን በመሆኑ፣ ልጁ ወደ አዲስ ክፍል ሲገባ አባትየው ሙልሙል ጋግሮ ጠበቀው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለአያቲቱ እንግዳ አልሆነባቸውም። እንግዳ የሆነባቸው ብርሃኑ ነበር። በዚያች ከተማ በሰኔ አጋማሽ ቀኑ ከ18 ሰዓት ይበልጣል፤ በነሐሴም ቢሆን ልጁ የሚተኛበት ሰዓት ሲደርስ ደጁ ገና ብሩህ ነው። «እማማ፣ ፀሐይዋ ሳትተኛ እኔ ለምን እተኛለሁ?» ይላቸዋል ልጁ። ወፍራም መጋረጃ ሰቅለው ሌሊቱን በእጃቸው ሠሩለት።

መስከረም ሲገባ ብርሃኑ በየሳምንቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ እየተቆረጠ ሄደ። በጥቅምት፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ የአገሩ ሰዓት ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ልጁ ግን አልተመለሰም፤ ለብዙ ቀናት በሌሊት እየነቃ ረኀቡን ይናገር ነበር። ቤተሰቡ በሚቀጥለው ዓመት ከእሑዱ በፊት ባለው ሳምንት መኝታውን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እያዘገየ ሊቀበለው የወሰነው ያን ጊዜ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ፣ በኢትዮጵያ አነጋገር፣ ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ወጥታ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ልጁ በጨለማ ሄዶ በጨለማ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አያቲቱን ያስጨነቃቸው ነገር የሰዓት አቆጣጠሩ ነበር። በአገራቸው ጧት 1 ሰዓት ማለት ከነጋ አንድ ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ ቁጥሩና ብርሃኑ አብረው ይሄዳሉ። በዚያ አገር ግን ቁጥሩ ብቻውን ይሄዳል፤ ብርሃኑ የለም። የልጁን ቀን በምን ይያዙት? ጥቂት ሳምንታት ካስተዋሉ በኋላ ግን ነገሩ ከይፋቱ ማማ ጋር አንድ ሆኖ አገኙት። በዚያ ወፉ ማለዳውንና ማታውን ወስዶ እኩለ ቀኑን ለልጅ ይተው ነበር። በዚህም ጨለማው ማለዳውንና ማታውን ወስዶ እኩለ ቀኑን ትቷል። እንግዲያስ እኩለ ቀኑ የልጁ ነው፤ አይባክንም። በዕረፍት ቀን ቁርስ እንደተበላ፣ በረዶም ቢሆን፣ ልጁን ወፍራም ልብስ አልብሰው ደጅ ያወጡታል። ስዊድኖችም መጥፎ ልብስ እንጂ መጥፎ አየር የለም ይላሉና፣ ሜዳው በልጆች የተሞላ ነበር። ሲመሽም በልብሱ ላይ የሚያንጸባርቀውን ቁራጭ አንጠልጥሎ፣ መኪና እንዲያየው እያብለጨለጨ ይመለሳል።

በታኅሣሥ 4 ቀን፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 13፣ የልጁ ትምህርት ቤት አያቲቱንም ጋበዘ። ነጭ የለበሱ ልጆች ሻማ ይዘው፣ ከፊታቸውም የብርሃን አክሊል የደፋች ልጅ አስቀድመው፣ እየዘመሩ በጨለማው መካከል ገቡ። ሉሲያ ይሏታል። አያቲቱ ከቃሉ አንድም አልገባቸውም። ነገር ግን ልጆች በቡድን፣ ብርሃን ይዘው፣ ከወቅቱ ብርታት ላይ እየዘመሩ ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ ለእሳቸው መንገር አላስፈለገም። በሁለቱም አገር ከባዱ ወቅት በልጆች ድምፅ ተሸኝቶ ያልፋል።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መብራት ባለበት፣ አስፋልት በተዘረጋበት፣ ምግብ ዓመቱን ሙሉ ከሱቅ በሚገዛበት ዘመን ወቅት በልጅ ቀን ላይ ምን ሥልጣን አለው? መልሱ በየቤቱ ይታያል። መብራቱ ሌሊቱን አልሻረውም፤ ሌሊቱ የሚጀምርበትን ሰዓት ወላጅ እንዲወስን ግዴታ ጣለበት እንጂ። ቀድሞ ጨለማው ልጁን ያስተኛው ነበር፤ ዛሬ ማብሪያ ማጥፊያውን የሚጫን እጅ ያስፈልጋል። ወቅቱ ይሠራው የነበረው ሥራ ወደ ወላጅ ተላለፈ።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ሁሉም ቤት በተራ የሚጠብቁ ሁለት ጎረቤቶች የሉትም። አባት የሞተበት፣ ጎተራው በሐምሌ የተሟጠጠበት ቤት ልጁን ከማማ ሊያወርድ አይችልም። ይህ እውነት ነው፤ በዚህ ጊዜም የወላጅ ብልሃት ብቻውን አይበቃም። መምህሩ በኅዳር ወንበሮቹ ባዶ ሲሆኑ «ቀሩ» ብሎ ከመመዝገብ አልፎ የአካባቢውን የመኸር ሰዓት ማወቅ፣ ትምህርት ቤቱም ፈረቃውን ከዚያ ጋር ማስማማት፣ በጥር የሚመለሰውን ልጅ ከኋላ ወንበር ከማስቀመጥ ይልቅ ያመለጠውን የሚያገኝበት ጥቂት ሳምንት መስጠት ይኖርባቸዋል። ለአንድ ልጅ ማካፈልን ማስተማር ረጅም ጊዜ አይፈጅም። ባለማስተማር የሚታጣው ግን ዕድሜ ልክ ነው።

የበኵሩ ገበሬ ልጅ ዛሬ አራተኛ ክፍል ነው። ይፋት ውስጥ ማማው አሁንም በየዓመቱ ይቆማል፤ ግሪሳውም ይመጣል። አባትየው በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ የልጁን ፈረቃ አስለወጠ። ማንም አልመከረውም፤ እናቱ እንኳ የሰሙት ቆይተው ነው። ማለዳ ማለዳ አባትና ልጅ አብረው ይወጣሉ። ወፉ ሲያርፍ ልጁ ከማማው ሳይወርድ ደብተሩን ይገልጥና ትምህርቱን ጮክ ብሎ ያነብባል፤ አባትየው ከታች አረሙን እየነቀለ ይሰማል። አንዳንድ ጊዜም፣ ልጁ ቶሎ ቶሎ ሲያነብብ፣ «ቆይ፣ እሷን ድገማት» ይለዋል።